በአፍንጫ በኩል የሚሠራው የአንጎል ፈሳሽ ኦፕራሲዮን፦ የአንዲት ጎንደሬ ልብስ ሰፊ ግምገማ

ፍርዴን ከላይ ላስቀምጥ፤ ጊዜ የሌለው ሰው ይህችን አንብቦ ይሂድ። ኦፕራሲዮኑ ግሩም ነው። የራስ ቅሌ ሳይከፈት፣ ፊቴ ላይ አንዲት ጭረት ሳትወጣ፣ በአፍንጫዬ ቀዳዳ ገብተው ከአንጎሌ ዙሪያ የሚፈስሰውን ውኃ ደፈኑልኝ። ለቀዶ ሐኪሙ ከአሥር ዘጠኝ እሰጣለሁ። አንዷን ለምን እንደቀነስኩ ወደ ታች እነግራችኋለሁ። ከካርድ ክፍል እስከ መውጫ ወረቀት ላለው አገልግሎት ግን ከአራት በላይ እጄ አይፈታም።

ሆስፒታሉ አዲስ አበባ ያለ የግል ሆስፒታል ነው። ስሙን አልጠራም። የምገመግመው ሕንፃውን ሳይሆን ከጎንደር ተነስታ የሄደች ታካሚ የሚገጥማትን ነገር ነው። እሱ ደግሞ የአንድ ቤት ብቻ አይመስለኝም።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ቅዳሜ ገበያ አካባቢ የሐበሻ ቀሚስ እሰፋለሁ፤ ጥለት እገጥማለሁ። ሥራዬ አንገት ደፍቶ መዋል ነው። ነገሩም የጀመረው እዚያው ማሽኔ ላይ ነው። ጎንበስ ስል ከቀኝ አፍንጫዬ ጠብ ይላል። ከግራው ምንም የለም። ቀጭን ነው፤ ጥርት ያለ ነው፤ ቀለም የለውም። ቀና ስል ይቆማል፤ አለዚያም ወደ ጉሮሮዬ ይወርድና ጨው ጨው ይለኛል።

አንድ ቀን የሙሽራ ቀሚስ ላይ ጠብ አለ። ክው አልኩ፤ ተበላሸ ብዬ። ግን ልብ ብዬ ሳየው አንድ ነገር ገረመኝ። ንፍጥ ጨርቅ ላይ ሲደርቅ ያጠነክረዋል። ጣት ሲያርፍበት ይሻክራል፤ ዳር ዳሩም ቢጫ ይተዋል። ይኼኛው ደርቆ ጨርቁ ልስልስ እንዳለ ነው። ምልክትም የለው። ነጭ መሐረብ ላይ ደግሜ ሞከርኩት፤ ያው ነው። የጨርቅ ሰው ስለሆንኩ ይህን ለማየት ሐኪም መሆን አላስፈለገኝም። ኋላ ስሰማ ለካ ሐኪሞቹም የሚጠይቁት ይህንኑ ኖሯል፦ መሐረብሽ ሲደርቅ ይጠነክራል ወይስ አይጠነክርም?

ከዚያ በኋላ ያለው መንከራተት ነው። አንዱ ክሊኒክ አለርጂ ነው ብሎ ክኒን ሰጠኝ፤ ያተረፍኩት እንቅልፍ ብቻ ነው። ሌላው ሳይነስ ነው ብሎ አንቲባዮቲክ ጻፈልኝ። ሌላው ደግሞ ጠብታውን በስኳር መለኪያ ወረቀት ነካና «ስኳር አለው፤ የአንጎል ፈሳሽ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ አስደነገጠኝ። ወዲያው ደግሞ «ላይሆንም ይችላል» አለኝ። የኋለኛው ቃሉ ይሻላል። እንባም ንፍጥም የራሳቸው ስኳር አላቸው፤ ያ ወረቀት ለዚህ ጉዳይ አይታመንም። ጠበልም ተጠምቄያለሁ። እሱን አልገመግምም፤ የእምነት ነገር ነው።

ፈር የያዘው እዚሁ ጎንደር አንድ ወጣት ከአንገት በላይ ሐኪም ጋ ስቀርብ ነው። «እናቴ፣ እስኪ ይቀመጡና ራስዎን ወደ ጉልበትዎ ዝቅ ያድርጉ» አለኝ። ጥቂት እንደቆየሁ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። እሱ ትንሽዬ ብልቃጥ ከሥር ያዘበት። ብልቃጧን ወደ መስኮቱ አንስቶ አያትና «ይኼ ጉንፋን አይደለም» አለኝ። ያን ዕለት ምንም መድኃኒት አልጻፈልኝም። ለዚህም ነው የወደድኩት።

ያስረዳኝን ባጭሩ ላካፍላችሁ። አንጎላችንና በጀርባችን የሚወርደው ነርቭ በጥርት ያለ ፈሳሽ ተከበው ነው የሚኖሩት። ሐኪሞቹ እርስ በርስ ሲያወሩ «ሲኤስኤፍ» ይሉታል። አዋቂ ሰው ውስጥ በአንድ ጊዜ ያለው 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ሁለት የቡና ሲኒ በሉት። ሰውነት ግን በቀን ግማሽ ሊትር ያህል ያመርታል። አሮጌው ወደ ደም ይመለሳል፤ አዲሱ ይተካል። ስለዚህ «አንጎልሽ ደርቆ ታርፊዋለሽ» ያለችኝ ጎረቤቴ እንቅልፍ የነሳችኝ በከንቱ ነው። ችግሩ ሌላ ነው። ውኃ የሚወጣበት ቀዳዳ ካለ ተሕዋስ የሚገባበትም አለ ማለት ነው። አፍንጫ ደግሞ ንጹሕ ቦታ አይደለም። በዚያ ሽቅብ የወጣ ተሕዋስ ማጅራት ገትር ያመጣል።

ባለቤቴ እስከዚያ ድረስ «እስኪ ትንሽ ታገሺው» ባይ ነበር። ማጅራት ገትር የሚለውን ሲሰማ ግን ፊቱ ተለዋወጠ። ለእኛ አገር ሰው ይህ ማብራሪያ አያሻውም። እዚያው ሐኪም ቤቱ በር ላይ ቆሞ አዲስ አበባ ላለችው የእህቱ ልጅ ደወለ።

ቀዳዳው ከየት መጣ? አልወደቅሁም፤ መኪናም አልገጨኝም። እንደ እኔ ዓይነቱ፣ ያለ ምንም አደጋ የሚመጣው፣ ብዙ ጊዜ በመካከለኛ ዕድሜ ባለን፣ ወፈር ባልን ሴቶች ላይ ነው ተባልኩ። ጭንቅላት ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምርና በአንጎልና በአፍንጫ መካከል ያለውን ስስ አጥንት ቀስ በቀስ ያሳሳዋል፤ በመጨረሻም ይበሳዋል። ለዓመታት ጠዋት ጠዋት ያመኝ የነበረው ራስ ምታት፣ ጆሮዬ ውስጥ ከልቤ ምት ጋር ሹው ሹው የሚለው ድምፅ፣ ሁሉም ከዚያው ግፊት ነው ለካ። ዶክተሩ «ወፈር ያሉ» ለማለት እንዴት እንደተሽኮረመመ ብታዩ! ቀሚሴን የምሰፋው እኔው ነኝ እኮ፤ ልኬን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ።

አሁን ስለ ምርመራው። ሲቲ ስካን አጥንቱ የት እንደተበሳ ያሳያል፤ ኤምአርአይ ደግሞ ውኃው የት እንዳለ። እኔ ሲቲውን አስቀድሜ አስነስቼ፣ ሲዲውን በፌስታል ይዤ ነበር የሄድኩት። አዲስ አበባ ሲያዩት «ይኼ ወፍራም ወፍራም ተቆርጦ ነው የተነሳው፤ ለዚህ አይሆንም» ተባልኩ። ድጋሚ ክፍያ። እንደ እኔ ለዚህ ጉዳይ የምትነሱ ካላችሁ፣ ሥዕሉ የሚቆራረጥበት ውፍረት ከ1 ሚሊ ሜትር በታች እንዲሆን ከመነሳታችሁ በፊት አስጽፉ። ይህችን አንዲት መስመር የሚነግረኝ ባገኝ ብዙ ብር ይተርፈኝ ነበር። ቤታ ቱ ትራንስፌሪን የሚባል ፕሮቲንም አለ። ንፍጥ ውስጥ የማይገኝ፣ የአንጎል ፈሳሽ ውስጥ ግን ያለ ስለሆነ ለማረጋገጥ ከሁሉ የተሻለው ምርመራ እሱ ነው ብሎኛል ዶክተሩ። ለእኔ አልተሠራልኝም፤ በሥዕሉና በመሣሪያ ገብቶ በማየት ነው የተወሰነው።

ወደ ሆስፒታሉ ልግባ። ካርድ ክፍል የተቀበለችኝ ልጅ ቀና ብላም አላየችኝ። «ከክፍለ ሀገር ነው?» አለች፤ ከዚያ «ማስያዣ» አለች። የማኅበረሰብ ጤና መድህኔ እዚያ አልሠራም። ብሩን ያገኘሁት ዕቁብተኞቼ ዕጣዬን አስቀድመው ሰጥተውኝ ነው። እግዜር ይስጣቸው፤ ለእነሱ ከአሥር አሥር። ዋጋውን በቁጥር አልጽፍም፤ እናንተ ስታነቡት ተለውጦ ይሆናልና። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። መጀመሪያ የሚነግሯችሁ የኦፕራሲዮኑን ብቻ ነው። ሲቲው፣ ኤምአርአዩ፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍል አዳር፣ የሰመመኑ፣ ከውጭ የሚገዛው ዕቃ፣ ሁሉም ለየብቻ እየመጣ ይደመራል። ሁሉንም በአንድ ወረቀት ጻፉልኝ ብላችሁ ድርቅ በሉ።

ከውጭ የሚገዛው ዕቃ ስል ቀልድ አይደለም። በዋዜማው ምሽት አንዲት ነርስ ወረቀት ይዛ መጣች። ለመድፈኛው የሚያስፈልግ የሕክምና ማጣበቂያ ሆስፒታሉ ውስጥ አልቋልና ግዙ። በዋዜማው! በማታ! የባለቤቴ የእህት ልጅ ባሏን ይዛ ፋርማሲ ለፋርማሲ ስትዞር አመሸች። ተገኘ፤ ግን ቀዝቃዛ ቦታ መቀመጥ ያለበት ነገር ስለሆነ በበረዶ ታሽጎ በላዳ መጣ። እኔ እዚያ አልጋ ላይ ሆኜ የማስበው ዘመድ የሌላት ሴት ምን ታደርግ ነበር እያልኩ ነው። ከአራት በላይ ያልሰጠሁበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው።

ሐኪሙ ጋ ስንመጣ ወሬው ይለወጣል። ኦፕራሲዮኑ የሚሠራው ኢንዶስኮፕ በሚባል ማያ መሣሪያ ነው። ጎንደር ውስጥ ግን ኢንዶስኮፒ ስትሉ ሰው ሁሉ የሚያስበው ጨጓራ ነው። «ቱቦ ዋጥሽ ወይ?» ያላለኝ የለም። ይህ ሌላ ነው። መሣሪያውን አሳየኝ፤ አይቼ ካልሆነ አልፈርምም ስላልኩት። ቀጥ ያለ ብረት ነው፤ ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ ከአንድ ስንዝር ብዙም አይርቅም። ጫፉ ላይ መብራትና መስታወት አለው። ቀጥታ የሚያየው አለ፤ ወደ ጎን ሰበር ብሎ የሚያየውም አለ። ምስሉ ግድግዳ ላይ ባለው ስክሪን ይታያል። ድሮ ይህን ቀዳዳ ለመድፈን የራስ ቅል ይከፈት ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1926 አሜሪካዊው ዋልተር ዳንዲ የሠራው በዚያ መንገድ ነው። በኢንዶስኮፕ በአፍንጫ በኩል መድፈን የተጀመረው በ1981 በጀርመናዊው ቪጋንድ ነው። እንግዲህ አዲስ ሙከራ አይደለም። ከአሥር ሰው ዘጠኙ በአንድ ጊዜ ይደፈንለታል፤ ያልተደፈነለትም ይደገምለታል ብሎ ቁርጡን ነገረኝ። ራስ ቅል ሲከፈት የማሽተት ነርቭ የመጎዳት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፤ የሆስፒታል ቆይታውም ይረዝማል።

አሠራሩን ሲያስረዳኝ ደግሞ ጭራሽ ልቤ ውስጥ ገባ፤ የእኔው ሙያ ሆነና። የተቀደደ ጋቢ ሲጣፍ መጀመሪያ ዳሩ ይጸዳል፤ ከዚያ ከውስጥ አንድ እራፊ ይገባል፤ ከላይ ደግሞ ሌላ ይደረባል። ይኸውም እንዲሁ ነው። በቀዳዳው ዙሪያ ያለው የአፍንጫ ሽፋን ይነሳል፤ አጥንቱ ይጋለጣል። ከውስጥ ከታፋ ጡንቻ ሽፋን የተቆረጠ ስስ ነገር ይገባል። ከላይ የሚደረበው ከአፍንጫ መሐል ግድግዳ የተገፈፈ ሽፋን ነው። የዚህ የላይኛው ጥበቡ ምን መሰላችሁ፣ ሙሉ በሙሉ አይቆረጥም። በአንድ በኩል ከደም ሥሩ ጋር እንደተያያዘ ነው ዞሮ የሚለጠፈው። ደም ስለሚያገኝ አይሞትም፤ ፈጥኖም ይይዛል። ይህን ያስተዋወቁት የአርጀንቲና ሐኪሞች ናቸው፤ በፈረንጆቹ 2006 ነው ጽሑፉ የወጣው። ቀዳዳው ትንሽ ከሆነ ይህ ሁሉ ላያስፈልግ ይችላል፤ ከአፍንጫው ትንሽ ሽፋን ወይም ከጆሮ ጫፍ ቁራጭ ስብ የሚበቃበት ጊዜ አለ።

አንዷን ነጥብ የቀነስኩት እዚህ ላይ ነው። ከታፋዬ እንደሚቆርጥ የነገረኝ በዕለቱ ጠዋት፣ ሰመመን ክፍሉ በር ላይ ነው። ጌታዬ፣ አፍንጫዬን ሰጠሁህ፤ ታፋዬንም እሰጥህ ነበር፤ ቀደም ብለህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?

ስለ ኦፕራሲዮኑ ሰዓት የማወራው የለኝም፤ ተኝቻለሁ። መጀመሪያ ከወገቤ በመርፌ ቀለም ሰጥተውኛል። ፍሎረሰሲን ይባላል፤ ከፈሳሹ ጋር ወደ ላይ ይሄድና ቀዳዳው ጋ ሲደርስ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል፤ ሐኪሙ ያንን ተከትሎ ነው የሚደርሰው። መጠኑ ጥቂት መሆን አለበት፤ ከበዛ ጉዳት አለው፤ ሁሉም ሐኪምም አይጠቀምበትም። ስነቃ ሽንቴ ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ አየሁ። ሲስተር አስቀድማ ስለነገረችኝ አልደነገጥኩም። ፊቴ አላበጠም። አፍንጫዬ ታሽጓል፤ በአፌ ነው የምተነፍሰው፤ ከንፈሬ ደርቋል። ሕመሙ? አፍንጫዬ ያን ያህል አላመመኝም። ያነከሰኝ ታፋዬ ነው።

የሌሊት ነርሶቹን ሳላመሰግን ብቀር ነውር ነው። አንዲቱ በተለይ፣ ልጅ እግር ናት፣ አልጋዬን 30 ዲግሪ ያህል ቀና አድርጋ ትራሱን እያስተካከለች «እትዬ፣ ሊያስነጥስዎት ሲል አፍዎን በደንብ ይክፈቱ፤ አፍነው እንዳይዙት» አለችኝ። አፍኖ መያዝ አየርን ሽቅብ ይገፋል፤ ጥገናውን ያላቅቃል። ያን ሌሊት አስነጠሰኝ። አፌን እንደ ዋሻ ከፍቼ ለቀቅሁት። አጠገቤ ያለችው አስታማሚ «ይማርሽ!» ስትል ከልቧ ነው።

አጠገባችን ካለው ክፍል አንድ የባጃጅ ሾፌር ነበር። ተገልብጦበት ነው፤ ከዚያ ወዲህ በአፍንጫው ውኃ ይወርዳል። እሱን ኦፕራሲዮን አላደረጉትም። ራሱን ቀና አድርጎ ተኛ፤ እንዳያምጥ፣ እንዳይጎነበስ ጠበቁት፤ ቆመለት። በአደጋ የሚመጣው ብዙ ጊዜ በቀናት ውስጥ በራሱ ይዘጋል። የእኔ ዓይነቱ፣ ግፊት የበሳው፣ እንዲህ በቀላሉ አይዘጋም። ሁለታችንም አንድ ዓይነት ውኃ ይወርደን ነበር፤ መንገዳችን ግን ለየቅል ሆነ። ስለዚህ «እከሌ ሳይቀደድ ዳነ» የሚላችሁን ሰው ለምን እንደፈሰሰው ጠይቁት።

የመውጫ ወረቀቱን እንመልከት። በእንግሊዝኛ ነው፤ ያውም በሐኪም እንግሊዝኛ። የእህታችን ልጅ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች ናት፤ እሷም ግማሹን ዘለለችው። ያልተጻፈው ደግሞ ከተጻፈው ይበልጣል። ለጥቂት ሳምንታት አውሮፕላን መሳፈር እንደማይፈቀድ የሰማሁት የመልስ ትኬት ቆርጬ ካበቃሁ በኋላ ነው። ጭንቅላት ውስጥ የገባ አየር ካለ ከፍታ ላይ ይሰፋል፤ አደገኛ ነው። ትኬቱ ተቃጠለ። በመኪና እንዳልሄድ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የዓባይን በረሃም አስቡት፤ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ያንኑ ያህል ሽቅብ መውጣት፣ ከነመንገጫገጩ። ሐኪሙም አልመከረኝም። ስለዚህ ሰው ቤት ተቀመጥኩ። ዘመድ አይሰለችም ይባላል፤ እኔ ግን እንግድነቴ ራሴን ሰልችቶኛል። በኋላ ሲፈቀድልኝ በአየር አዘዞ ገባሁ። ቀድመው ቢነግሩኝ ቀኑን አስልቼ እመጣ ነበር፤ ሌላ አይደለም።

ጎንደር ስገባ ደግሞ ወረቀቱ ያላሰባቸው ነገሮች ጠበቁኝ። «ከ5 ኪሎ በላይ አታንሺ» ይላል። እኛ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። የመጣ ቀን በሌሊትም ቢሆን ጀሪካን መደርደር ነው፤ ባለ 20 ሊትሩ 20 ኪሎ ነው። ልጆቼ ተሸከሙ፤ እኔ ቆሜ አዘዝኩ። ይህን ሰሞን ወድጄዋለሁ፤ አልዋሽም።

«አትጎንበሺ» ይላል። ሑዳዴ ነበር። ስግደት እንዴት ይሆናል? ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። «ልጄ፣ ቆመሽ ጸልዪ፤ ስግደቱን ሲሽርሽ ትደርሺበታለሽ» አሉኝ። በሰሞነ ሕማማት ሁሉም ሰው ግንባሩን መሬት ሲያስነካ እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ነበር። እማሆይ አንዲቱ በዓይናቸው ገረመሙኝ። ለእሳቸው ማስረዳት ከኦፕራሲዮኑ ከበደኝ።

ማስነጠሱ ደግሞ አይጣል ነው። ፋሲካ ሲቃረብ ግቢው ሁሉ በርበሬ ያምሳል። ቡና ላይ ዕጣን ይጨሳል። አፍንጫዬን መናፈጥ ክልክል፣ ማፈን ክልክል። ጓሮ በር ዘግቼ፣ ነጠላዬን አፍንጫዬ ላይ ጣል አድርጌ ሰነበትኩ። ጎረቤቶቼ ከገባቸው በኋላ በርበሬውን ነፋሱ ወደ እኛ በማይነፍስበት ሰዓት ነበር የሚያምሱት። ይህን የትኛውም ሆስፒታል አያደርግላችሁም።

ማማጥ ክልክል ስለሆነ የሆድ ማለስለሻም ታዞልኛል። በጾም አጃና ተልባ ጨመርኩበት፤ ሠርቷል። ስለዚህ ይበቃናል።

ቅርፊቱ ያስቸግራል። ሽፋኑ የተገፈፈበት ግድግዳ እስኪድን ድረስ አፍንጫ ውስጥ ደረቅ ነገር ይጋገራል። ሐኪሙ ሲፈቅድ በጨው ውኃ ይታጠባል። ሽታም ጠፍቶብኝ ነበር፤ በርበሬው ሲያስነጥሰኝ እንኳ ሽታው አይሰማኝም። ቀስ እያለ ተመለሰ። ነጭ ሽንኩርት ከቡና ቀድሞ ነው የመጣው፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ከሁሉም ያላሰብኩት መድኃኒቱ ነው። ቀዳዳው ቢደፈንም ግፊቱ ካልቀነሰ በሌላ በኩል ይበሳል። ስለዚህ ዳያሞክስ የሚባል ክኒን ታዘዘልኝ፤ ኪሎም ቀንሺ ተባልኩ። ክኒኑ ጣቶቼን ይነዝረኛል። ለሌላ ሰው ምንም ላይሆን ይችላል። መርፌ ለሚይዝ ሰው ግን ጉድ ነው፤ ክሩን ቀዳዳው ውስጥ ለማስገባት ጣቴ መርፌዋን አይለይም ነበር። የአምቦ ውኃ ጣዕሙ ጠፋብኝ፤ ጋዙ ምላሴ ላይ ብረት ብረት ይላል። ፋርማሲው ስጠይቅ የታወቀ ነገር ነው አለኝ። ታዲያ የታወቀ ከሆነ ለምን አይነግሩም? ሐኪሙ ጋ ደውዬ መጠኑን አስተካከለልኝ። ራሳችሁ ግን እንዳታቋርጡት። የኒሞኒያ ተሕዋስ ክትባትም ታዝዞልኛል፤ ያው ተሕዋስ ማጅራት ገትርም ስለሚያመጣ ነው።

ማሽኔን ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ አሠርቼዋለሁ፤ አናጺው ሳቀብኝ። አሁን ቀና ብዬ ነው የምሰፋው። አፍንጫዬ ደረቅ ነው። የጠዋቱ ራስ ምታት ቀሏል፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም። ጆሮዬ ውስጥ የነበረው ሹውታ የለም። ሁለት ቀሚስም ለራሴ አጥብቤያለሁ።

አንድ የመጨረሻ ነገር ስለ ቀጠሮው። ከወራት በኋላ ተመልሰሽ ነይ፣ በመሣሪያ እናያለን ይላሉ። ማየቱ ደቂቃዎች ነው፤ ጉዞው ግን ያን ሁሉ ነው። እኔ ሐኪሙን «ጎንደር ያለው ከአንገት በላይ ሐኪም ቢያየኝስ?» ብዬ ጠየቅሁት። አላመነታም፤ ምን እንደሠራ፣ ምን መታየት እንዳለበት ጽፎ፣ የኦፕራሲዮኑን ሥዕል በፍላሽ ጨምሮ ሰጠኝ። ያ ብልቃጥ የያዘልኝ ወጣት ሐኪም ደብዳቤውን ደግሞ ደጋግሞ አነበበው፤ ገብቶ አየልኝ፤ «ይዟል» አለኝ። ያን ደብዳቤ ግን ማንም ከራሱ ተነስቶ አይሰጣችሁም። ከመውጣታችሁ በፊት፣ ሒሳቡን ሳትዘጉ፣ ጠይቁ።